መስማት የተሳናቸውን ታካሚዎች ለሚንከባከቡ ነርሶች

ችግሩ የሚጀምረው ተመላላሽ ክፍል ወረፋ ላይ ነው። ስም ይጠራል፤ ታካሚዋ አይሰሙም፤ «የሉም» ተብሎ ተራቸው ያልፋል። ገና ካርድ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ «መስማት የተሳናቸው፣ በምልክት ቋንቋ የሚግባቡ» ብለው በጉልህ ይጻፉ። ተራቸው ሲደርስ ሄደው ትከሻቸውን ነካ ያድርጉ። ከተኙም በየፈረቃው ርክክብ ላይ ይነገር።

ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ከማስገባትዎ በፊት በየትኛው እጅ እንደሚያወሩ ይጠይቁ። የሚያወሩበት እጅ አንጓ ላይ የገባ ካኑላ ንግግራቸውን ይይዛል፤ እጃቸውን ባንቀሳቀሱ ቁጥርም ከቦታው ይወጣና ያብጣል። የሌላኛውን እጅ ክንድ ይምረጡ። ሁለቱንም እጅ ማሰር አፍ መለጎም ነው፤ ያለ ከባድ ምክንያት ፈጽሞ አይደረግም።

ከንፈር ያነባሉ ብለው አይመኩ። «በላ» እና «መላ» ከንፈር ላይ አይለዩም፤ ማስክ ከተደረገ ደግሞ ጭራሽ የሚታይ ነገር የለም። መስኮት ከጀርባዎ ካለ ፊትዎ ይጨልማል፤ ዞረው ብርሃኑ ፊትዎ ላይ እንዲያርፍ ይቁሙ። መጮህ አይጠቅምም፤ የከንፈርን ቅርጽ ያዛባል። ጽሑፍ ሲጠቀሙም አጫጭር ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ስላለው አማርኛ ለብዙዎቹ ሁለተኛ ቋንቋ ነው።

አስተርጓሚ ሲገኝ ከእርስዎ ጎን ይቁም፤ እርስዎ ግን ታካሚዋን እያዩ «የት ጋ ያምዎታል?» ይበሉ እንጂ «የት ጋ ያማታል በላት» አይበሉ። የኤችአይቪ ውጤት፣ የእርግዝና ጉዳይና የቀዶ ሕክምና ስምምነት በልጃቸው ወይም በጎረቤት አፍ አይነገርም።

ራስ መነቅነቅ «ገባኝ» ማለት ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው ላለማስቸገር ብሎ ይነቀንቃል። መድኃኒቱ በየ8 ሰዓቱ ከሆነ የሰዓት ስዕል ላይ ጠዋት 12፣ ቀን 8 እና ማታ 4 ሰዓትን ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያ በየትኛው ሰዓት ስንት ፍሬ እንደሚውጡ በጣታቸው ያሳዩዎት። ከተሳሳቱ ስዕሉን ይቀይሩ፤ ያንኑ አይድገሙ።

መቀመጫ ላይ መርፌ ሲወጋ ታካሚዋ ጀርባቸውን ስለሚሰጡ አያዩዎትም። ሁሉንም ፊት ለፊት አስረድተው «ሁለቴ ስነካዎ መርፌው ነው» ብለው አስቀድመው ይስማሙ። በምጥም እንዲሁ፦ ለ«አምጪ» እጅ መጨበጥ፣ ለ«ቆይ» መዳፍ መዘርጋት፤ ይህ ምጡ ሳይበረታ ይወሰን።

በጥቂቱ የሚሰሙ ታካሚዎች ጀንታማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከታዘዘላቸው የመጀመሪያው መጠን ሳይሰጥ ለሐኪሙ ያሳውቁ፤ መድኃኒቱ የቀረውን መስማት ሊወስድ ይችላል።