ጅማ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም
ጅማ ላይ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ የምትሠሩ ተማሪዎች፣ ቴርሞሜትራችሁ የሚፈላ ውሃ ውስጥ 94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ላይ ቢቆም ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። ልክ ነው! ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ትላለች። የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። 100 ዲግሪ የሚባለው በባሕር ጠለል ግፊት ነው።

ስሌቱም ይለወጣል። 1 ኪሎ ግራም ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እዚህ እስኪፈላ 4,200 (1 ኪሎ ግራም ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ጁል) × 74 (94 − 20) = 310,800 ጁል ይበቃዋል። በ100 ካሰባችሁት 336,000 ይመጣል። ደግሞ ወደ ኬልቪን እንቀይር ብላችሁ ልዩነቱ ላይ 273 እንዳትደምሩ፤ የ74 ዲግሪ ልዩነት በኬልቪንም ያው 74 ነው። ጎበዝ ተማሪ ሳይቀር ማርክ የሚጥለው እዚች ጋ ነው።

አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምሩ ዲግሪው ንቅንቅ አይልም፤ ሙቀቱ ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመቀየር ይውላል።