እናት አባትን መጦሪያ ከማስገባትዎ በፊት

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ለወላጁ መጦሪያ ፍለጋ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ግቢውንና የእንግዳ መቀበያውን ነው። እነሱ ስለ እንክብካቤው የሚነግሩት ጥቂት ነው። ከአልጋ መነሳት የማይችለውና ችግሩን መናገር ያቃተው ነዋሪ እንዴት እንደተያዘ ይዩ። እሱ በወጉ ከተያዘ፣ በእግሩ የሚሄደው ነዋሪ የሚጎድልበት ትንሽ ነው።

አንድ ጊዜ በቀጠሮ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ሳይናገሩ ይሂዱ፤ አንዱን በምሳ ሰዓት፣ ሌላውን ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ። ሠራተኛ የሚሳሳው እሁድና በዓል ስለሆነ አንዱን ጉብኝት እሁድ ቢያውሉት ጥሩ ነው። ክፍል ውስጥ ለመግባት ነዋሪውን ማስፈቀድ ተገቢ ነው። ጨርሶ ማየት አይቻልም የሚል ቤት ግን ይቅርብዎ።

ገላና ሌሊት

በአንድ ጎን ረጅም ሰዓት የተኛ ሰው፣ ክብደቱ ያረፈበት ቦታ ደም ያጥረዋል። የአልጋ ቁስል የሚነሳው ከዚህ ነው። ቀድመው የሚጎዱት ተረከዝ፣ የጭራ አጥንት አካባቢ፣ የዳሌ ጎንና ክርን ናቸው። ስለዚህ ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ አለበት። ቁስሉ ሲጀምር ቆዳው ይቀላል ይባላል፤ በእኛ ጠይም ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም። ከአካባቢው የጠቆረ፣ ሲነኩት የሚሞቅ ወይም ጠጠር ያለ ቦታ ይፈልጉ። ፈቃዳቸውን ጠይቀው ጋቢውን ከእግራቸው ገለጥ አድርገው ተረከዛቸውን ቢያዩ ብዙ ይገባዎታል።

የመገላበጫ መዝገብ እንዲያሳዩዎትም ይጠይቁ። የሌሊቱ ሰዓት ሁሉ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ እጅ፣ ደቂቃ ሳይዛነፍ ከተሞላ ጠዋት ላይ ባንዴ የተጻፈ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ሒሳብ ያስሉ። ሌሊት ስንት ሠራተኛ ያድራል? የማይነሱት ስንት ናቸው? አንድን ሰው ሁለት ሠራተኞች ሆነው አገላብጠው፣ ዳይፐር ቀይረው፣ አድርቀው ለማስተኛት 10 ደቂቃ ያህል ይወስዳል እንበል። 12 የማይነሱ ሰዎች ካሉ አንድ ዙር ብቻ 2 ሰዓት ይፈጃል፤ ሲጨርሱ ሌላው ዙር ደርሷል። እንዲህ ባለ ቤት አንድ ሠራተኛ ብቻ የሚያድር ከሆነ፣ መዝገቡ ምንም ይበል፣ ሥራው እየተሠራ አይደለም። ጥፋቱም የሠራተኛዋ ሳይሆን የአስተዳደሩ ነው።

ጠዋት አንድ አልጋ አካባቢ ሽንት ቢሸት ያጋጥማል። ሁሉም ክፍል ከሸተተ፣ ወይም አይን የሚያቃጥል በረኪና ሽታውን ከሸፈነው፣ ዳይፐርና አንሶላ በወቅቱ እየተቀየረ አይደለም።

ማዕድና መድኃኒት

በምሳ ሰዓት ሲሄዱ የሚጎርሱትን ሰዎች አቀማመጥ ይዩ። ምግብ ቀና ብሎ ተቀምጦ ነው የሚበላው፤ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ብለው መቆየት አለባቸው። አስተኝቶ ማጉረስ ምግቡን ወደ ሳንባ ሊያስገባው፣ ሳንባ ምችም ሊያስከትል ይችላል። ጥርስ ለሌላቸው በደንብ የራሰ ፍትፍት፣ ገንፎ ወይም አጥሚት መኖሩን ይጠይቁ። ውኃው እጅ በሚደርስበት መሆኑንም ይዩ፤ ሽንት ቤት እንዳያበዙ ተብሎ ውኃ የሚቀነስበት ቤት አለ። ይህ ለሰውነት ድርቀት፣ ለሆድ ድርቀትና ለመቃዠት ይዳርጋል።

ጾም በጎጃም ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ብዙ አረጋውያን ቢታመሙም መጾም ይፈልጋሉ። አደገኛው፣ የስኳር ሕመምተኛ ጠዋት ግሊቤንክላሚድ (ስኳር የሚያወርድ ክኒን) ወይም ኢንሱሊን ወስዶ እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ ሲቆይ ነው። ስኳሩ ወርዶ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። "በጾም ወቅት የስኳር መድኃኒት ሰዓቱን ማን ያስተካክላል?" ብለው ይጠይቁ። ሐኪሙም የንስሐ አባታቸውም የሚሳተፉበት መልስ ጥሩ መልስ ነው። "እንደ ሁልጊዜው እንሰጣለን" ከተባሉ ይጠንቀቁ።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ ምን ያደርጋሉ? መንገድ ሲዘጋስ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ለስንት ቀን ይበቃቸዋል? ቢያንስ የአንድ ወር ክምችት ያለው ቤት ይሻላል። እያንዳንዱ ሰው በስሙ የተጻፈ የመድኃኒት ካርድ ሊኖረው ይገባል።

ብርድ

ደብረ ማርቆስ ደጋ ነው፤ ሌሊቱ ይከብዳል። ክፍሉ በምን እንደሚሞቅ ይጠይቁ። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ሽታ በሌለው መርዛማ ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ይህን የሚያደርግ ቤት ውስጥ ማንንም አያስገቡ። ተጨማሪ ብርድ ልብስ፣ ካልሲ፣ ከወለሉ ከፍ ያለ አልጋ ይበቃል። ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ በክረምት የሚያዳልጥ ጭቃ አለመሆኑን፣ መያዣ ብረትና የሌሊት መብራት መኖሩን በእግርዎ ሄደው ያረጋግጡ።

ወረቀቱን በአጭሩ፦ የፈቃድ የምስክር ወረቀቱን ይዩ፤ ክፍያ ካለ ምን እንደሚጨምር በጽሑፍ ይቀበሉ፤ የጤና መድህኑን ማን እንደሚያሳድስ ይጠይቁ። ወላጅዎ ቢያልፉ ለማን እንደሚደወልና የት እንደሚቀበሩም ሳያፍሩ ይነጋገሩ፤ ለአረጋዊው ይህ ከሁሉ የሚያሳስበው ሊሆን ይችላል።

ሠራተኞቹ ሲያናግሯቸውም ያዳምጡ። አባትን በስማቸው ወይም "አባባ" ብሎ፣ ዓይናቸውን እያየ "አንቱ" የሚል ሠራተኛ ያለበት ቤት አንድ ነገር ነው፤ በነዋሪው ፊት "ያ ቁጥር 4" የሚባልበት ቤት ሌላ ነው።

ከገቡ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ክብደታቸውን ያስመዝኑ፤ ቁጥሩን እርስዎም ይያዙ፤ በየወሩ ይድገሙት። 60 ኪሎ የነበረ ሰው በአንድ ወር 3 ኪሎ ከቀነሰ ሐኪም ማየት አለበት፤ ምግቡ እየደረሳቸው መሆኑንም በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሄደው ይመልከቱ።