ራውተር ስትገዙ መጀመሪያ ገልብጡት

ደሴ ፒያሳ ያገለገለ ራውተር ገዝታችሁ በነፃ ሶፍትዌር ልታድሱት ነው? አንቴናውን አትቁጠሩ። ገልብጡትና ከታች የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ከሞዴሉ ስም ቀጥሎ የስሪት ቁጥር አለ። አንድ ስም የያዙ ሁለት ራውተሮች ውስጣቸው ፍጹም ሌላ ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩን ካላያችሁ ገንዘብ አታውጡ።

ፋብሪካው የጫነው ሶፍትዌር ከጥቂት ዓመት በኋላ ማሻሻያ አይመጣለትም፣ ሰርጎ ገብ የሚገባበት ቀዳዳ ቢገኝበትም የሚደፍን የለም። ኦፕን-ደብሊውአርቲ (OpenWrt) የሚባለው በሊኑክስ ላይ የተሠራ ነፃ ሶፍትዌር ግን አምራቹ የረሳውን ዕቃ ሳይቀር ያድሳል፤ ኮዱም ክፍት ነው። ሱቁ ውስጥ እንዳላችሁ በስልካችሁ የፕሮጀክቱን የራውተሮች ዝርዝር ክፈቱ። ሞዴሉ ከነስሪቱ እዚያ ከሌለ ተዉት፣ ሻጩ የፈለገውን ቢምል። 16 ሜጋባይት ፍላሽ (ሶፍትዌሩ የሚቀመጥበት) እና 128 ሜጋባይት ራም (ሲሠራ የሚጠቀምበት) ያለው ይሻላል። 4 ፍላሽና 32 ራም ያላቸው ርካሾች የሶፍትዌሩን አዲስ ስሪት አይችሉም።

የቴሌን ሣጥን፣ ማለትም ኢንተርኔቱን ቤት የሚያስገባውን ሞደም፣ ሶፍትዌሩን አትንኩት። አዲሱ ራውተር ከሱ ኋላ በኬብል ይገባል።

ፋይሉን ከፕሮጀክቱ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱና ፋይሉ እንዳልተበላሸ የሚያሳየውን የሻ256 (SHA256) ቁጥር ገጹ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚጫነው «ፋክተሪ» (factory) የሚለው ነው፤ «ሲስአፕግሬድ» (sysupgrade) ለቀጣዩ እድሳት ነው። በዋይፋይ አትጫኑ፣ በኬብል ይሁን። እዚህ ላይ ደግሞ የኛው ነገር አለ፦ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ራውተሩ የለውም፣ ፍላሹ እየተጻፈ መብራት ከሄደ ዕቃው በቀላሉ ላይነሳ ይችላል። ቮልቴጁ ከራውተሩ ጋር የሚገጥም ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) ካላችሁ በሱ ላይ ሥሩ።

ሲነሳ ብዙ ጊዜ ዋይፋይ አይታይም። አትደንግጡ፣ ዝግ ሆኖ ነው የሚመጣው። በኬብል ሆናችሁ በብራውዘር 192.168.1.1 ግቡ፣ የመግቢያ ስሙ ሩት (root) ነው፣ ፓስወርድ የለውም፣ ስለዚህ ከምንም በፊት ፓስወርድ አስገቡ። የቴሌው ሣጥንም ያንኑ አድራሻ የሚጠቀም ከሆነ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ የናንተን ወደ 192.168.10.1 ቀይሩት። ከዚያ ዋይፋዩን በደብሊውፒኤ2 ወይም 3 (WPA2/WPA3፣ በፓስወርድ የሚዘጋ ምስጠራ) ክፈቱ። ለእንግዳና ለቲቪ የተለየ ኔትወርክ ስጡ። ቡና ሊጠጣ የመጣ ሰው ስልክ የናንተን ፋይሎች የሚያይበት ምክንያት የለም።

አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጄሊፊን (ፊልም ማሳያ) ወይም ኔክስትክላውድ (ፋይልና ፎቶ ማስቀመጫ) ብትጭኑ ፊልሙም ፎቶውም ቤት ውስጥ ያለ ፓኬጅ ይታያል። ኮምቦልቻ ሥራ ላይ ሆናችሁ ለመክፈት ከፈለጋችሁ ግን የሰርቨሩን፣ ማለትም የላፕቶፑን፣ በር (ፖርት) ለዓለም አትክፈቱ። ዋየርጋርድ (ከውጭ ወደ ቤት ኔትወርክ የሚያስገባ የተመሰጠረ መስመር፣ ቪፒኤን) ራውተሩ ላይ ጫኑና በዩዲፒ ፖርት 51820 ብቻ ግቡ፤ የቴሌው ሣጥንም ያንን ፖርት ወደ ራውተራችሁ እንዲያሳልፍ አድርጉ።

ዋየርጋርዱን ከመሞከራችሁ በፊት ግን በቴሌው ሣጥን ገጽ ላይ ከውጭ የተሰጣችሁን አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) እዩ። በ«10.» (አሥር ነጥብ) ከጀመረ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ አድራሻው ከሌሎች ደንበኞች ጋር የጋራ ነው፣ ከውጭ የሚመጣ ነገር አይደርሳችሁም፣ ፖርት ስትከፍቱ ብታድሩም ለውጥ የለውም። ያኔ ቴይልስኬል የሚባለው ሌላ ቪፒኤን ይሻላችኋል፤ ግንኙነቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚጀምር የጋራ አድራሻ አያግደውም፣ ለግል አገልግሎትም ነፃ አማራጭ አለው።