ሃርሊ እንደ መኪና አይጠገንም፦ ቤት ውስጥ ስንሠራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ ትልቅ ሃርሊ ዴቪድሰን ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ እጁ የሚገባው «ትዊን ካም» የሚባለው ሞተር ያለው ነው። ይህ ሞተር ከ1999 ሞዴል ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ ከ2017 ወዲህ «ሚልዋኪ ኤይት» ተተክቶበታል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ሁለት ትልልቅ ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ተከፍተው የተቀመጡበት፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ብዙ ውስብስብነት የሌለው ማሽን ነው። ቁልፍና ትዕግሥት ያለው ሰው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ብዙ ነገር ሊሠራለት ይችላል። የመካኒክ ዋጋ በሰዓት በሚቆጠርበት አገር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ችግሩ፣ አብዛኞቻችን የምናውቀው መኪና ነው። ቶዮታ እንደምንነካካው አድርገን ሃርሊውን እንነካካዋለን። ከማያቸው ጥፋቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ከዚሁ ነው።

ዘይቱን በብርዱ ለክቶ መሙላት

መኪና ላይ ዘይቱ የሚጠራቀመው ከሞተሩ ሥር ነው። ስለዚህ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ መለካት ልማድ ሆኖብናል። ሃርሊ ግን ዘይቱን የሚያስቀምጠው ለብቻው በተሠራ ማጠራቀሚያ ነው። ፓምፑ በአንድ በኩል ወደ ሞተሩ ይልካል፣ በሌላ በኩል መልሶ ይስባል።

ሞተር ሳይክሉ ለሳምንታት ከቆመ ዘይቱ ቀስ እያለ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። መለኪያውን መዘዝ ስታደርጉት ደርቋል። «ውይ፣ ዘይት በልቷል!» ብላችሁ አንድ ሊትር ትጨምራላችሁ። ሞተሩ ሲነሣ ሆዱ ውስጥ የነበረው ዘይት ወደ ቦታው ይመለሳል። አሁን ትርፍ ሆነ። ትርፉ መሄጃ ሲያጣ በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር ፊልትሮው ይተፋል። ከፊልትሮው ሽፋን ሥር መንጠባጠብ ይጀምርና የቀኝ እግራችሁን ሱሪ ያበላሻል። ሰው ይሄን ሲያይ ፒስተኑ ያለቀ ይመስለውና ሞተር ሊያስወርድ ይነሣል።

መጀመሪያ ነድታችሁ አሙቁት፣ ከዚያ ለኩ። አቋቋሙም ይለያያል። አንዳንዱ ሞዴል በጎን ማቆሚያው እንዳዘነበለ ይለካል፣ አንዳንዱ ቀጥ ብሎ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ የባለቤት መጽሐፉ ላይ አለ።

የተሳሳተውን ዘይት ማፍሰስ

ይሄኛው ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ትልልቆቹ ሃርሊዎች ሦስት የተለያየ ዘይት አላቸው። አንዱ የሞተሩ፣ ሁለተኛው በግራ በኩል ካቴናውና ፍሪሲዮኑ ያሉበት «ፕራይመሪ»፣ ሦስተኛው የካምቢዮው። ሦስቱም የየራሳቸው ማፍሰሻ ቡሎን አላቸው። በተለይ «ቱሪንግ» በሚባሉት የረጅም ጉዞ ሞዴሎች ላይ የሞተሩና የካምቢዮው ማፍሰሻዎች ከሥር በአንድ ትሪ ላይ ጎን ለጎን ናቸው።

ሰውየው ጀርባው ላይ ተኝቶ አንዱን ይፈታል። ዘይት ይወጣል። ይዘጋል። ፊልትሮውን ይቀይራል። ከዚያ ሦስት ሊትር ተኩል ያህል አዲስ ዘይት ሞተሩ ውስጥ ይሞላል። የፈታው ግን የካምቢዮውን ነበር። አሁን ሞተሩ እጥፍ ዘይት ተሸክሟል፣ ካምቢዮው ባዶውን ነው። እንደዚሁ ሀይዌይ ላይ ከወጣ ካምቢዮውን ቀብሮት ይመለሳል።

መጠበቂያው ቀላል ነው። የወጣውን ዘይት በዓይናችሁ መጥኑ። አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ከወጣ ያ የሞተር ዘይት አይደለም፤ ቁሙና አጣሩ።

ዘይት ከተነሣ አይቀር፦ ያማሃ ወይም ሆንዳ ቪ ትዊን (እንደ ሃርሊው ሁለት ሲሊንደሮቹ በቪ ቅርጽ የተከፈቱ) ያላችሁ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እነዚያ ላይ በአብዛኛው ሞተሩ፣ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው የሚጋሩት አንድ ዘይት ነው። ነዳጅ ይቆጥባል የሚባል ቀጭን የመኪና ዘይት ከሞላችሁበት ፍሪሲዮኑ ሊንሸራተት ይችላል። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» (JASO MA)፣ ማለትም ዘይቱ ለእንዲህ ዓይነቱ ፍሪሲዮን እንደሚስማማ የሚናገር ምልክት ፈልጉ።

በ13 ቁጥር ቁልፍ መፍታት

አገር ቤት ያደግን ሰዎች ቡሎን ስናይ 10፣ 13፣ 17 ነው የሚመጣልን። የሃርሊ ቡሎኖች አብዛኞቹ በኢንች ናቸው። ግማሽ ኢንች ማለት 12.7 ሚሊሜትር ነው። 13 ቁጥር ቁልፍ ይገባበታል፣ ይይዛልም፤ ጠንከር ሲባል ግን ይንሸራተትና ጥጋጥጉን ላጭቶት ያርፋል። ክቡን የፍሪሲዮን ክዳን የያዙት ደግሞ ኮከብ ጥርስ ያላቸው ናቸው፣ ቲ27 ይባላሉ። በቀረበ ነገር ከመሞከር የኢንች ስብስብ አንዴ መግዛት ይሻላል።

እስኪያቃስት ማጥበቅ

የሞተሩ አካል አልሙኒየም ነው፣ ቡሎኑ ብረት። ከተጣሉ የሚሸነፈው አልሙኒየሙ ነው። የዘይት ማፍሰሻው ብዙ ትዊን ካሞች ላይ የሚፈልገው ከ14 እስከ 21 ፉት ፓውንድ ብቻ ነው፤ ዘይቱን የሚይዘው የጎማ ቀለበቱ እንጂ የክንዳችሁ ጉልበት አይደለም። ፊሌቶው አንዴ ከተበላ የ10 ደቂቃ ሥራ የነበረው የሁለት ቀን ሥራ ይሆናል። የማጥበቂያ መጠን የሚለካ ቁልፍ ግዙ።

«ታዲያ በንዝረቱ አይፈታም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይፈታል። መድኃኒቱ ግን ማኑዋሉ በሚያዝበት ቦታ ሰማያዊ የቡሎን ማጣበቂያ ጠብ ማድረግ ነው። ቀዩን ለማይፈታ ነገር ተዉት።

«ድምፁ ደህና ነው» ብሎ ካም ቤቱን አለማየት

ከ1999 እስከ 2006 የተሠሩ ትዊን ካሞች («ዳይና» የሚባሉት ሞዴሎች እስከ 2005) ውስጥ የካሞቹን፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚያስከፍቱትን ዘንጎች፣ ካቴና የሚወጥሩ ሁለት የፕላስቲክ ጫማዎች አሉ። ስፕሪንግ ይገፋቸዋል፣ ካቴናው ይፍቃቸዋል። ቀስ እያሉ ያልቃሉ። የተፋቀው ፕላስቲክ ከዘይቱ ጋር ይዞራል፣ ወደ ዘይት ፓምፑም ይደርሳል። ጫማው ጨርሶ ካለቀ ብረት ለብረት ይፋጫል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሞተሩ ያው የለመድነውን ድምፅ ያሰማል። ማርሚታው ተቀይሮ ከሆነማ ጭራሽ ምንም አይሰማም።

ያገለገለ የገዛችሁ ከሆነ ሻጩ «ተቀይሯል» ቢላችሁም ክፈቱና እዩት። በቀኝ በኩል ያለው የካም ክዳን ሲነሣ የውጪው ጫማ ይታያል። እሱን ብቻ አይቶ መዝጋት ግን ራስን ማታለል ነው። ሁለተኛው ከብረቱ ሳህን ኋላ ተደብቋል፣ እሱም ያልቃል።

ራሳችሁ የምትቀይሩት ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። የቫልቭ መግፊያ ዘንጎቹን የሚስተካከሉ ዓይነት ከገጠማችሁ፣ አስተካክላችሁ እንደጨረሳችሁ ሞተሩን አታዙሩት። ከመግፊያ ዘንጎቹ ሥር ያሉት ሊፍተሮች ውስጥ ያለው ዘይት እስኪወጣ ጠብቁ። ያ እስኪሆን ቫልቮቹ ክፍት ናቸው፣ ከዞረ ፒስተኑ ይገጫቸዋል። የመግፊያ ዘንጉ በጣት ሲሽከረከር እሺ ካለ ዘይቱ ወጥቷል ማለት ነው። ከዚያ ወደ ሌላው ሲሊንደር እለፉ። እዚህ ላይ ቡና አፍልቶ መጠጣት ከመቸኮል ይሻላል።

ጥቃቅን የሚመስሉ

ባትሪው። የማስነሻውን አዝራር ስትጫኑ «ጨቅ ጨቅ» ብሎ እምቢ ካለ አዲስ ሞተሪኖ ከመግዛታችሁ በፊት የባትሪውን ሁለት ቡሎኖች ንኩ። ንዝረቱ ብዙ ጊዜ ያላላቸዋል። ስትፈቱ ኔጌቲቩ ይቀድማል፣ ስትገጥሙ ፖዘቲቩ።

እጥበት። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውሃ የጎማ ኩሽኔታና የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባል። ባልዲና ጨርቅ ይበቃል።

ጋራዡን ዘግቶ ሞተር ማስነሣት። ክረምት ላይ ብርዱን ፈርተው በር የሚዘጉ አሉ። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። በሩ ይከፈት። ለሞተሩም ቢሆን፣ ቆሞ እየሠራ አየር ስለማያገኝ ቶሎ ይግላል።

ክሪክ። 300 ኪሎ ገደማና ከዚያ በላይ የሚመዝን ነገር በመኪና ክሪክ ብቻ ተነሥቶ ሥሩ አይገባም። በቀበቶ ግራና ቀኝ ይታሰር።

የፍሬን ዘይት መደባለቅ

እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ድረስ የነበሩ ሃርሊዎች «ዶት 5» የሚባለውን የሲሊኮን ፍሬን ዘይት ይጠቀሙ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ «ዶት 4» ተቀይረዋል። ሁለቱ አይዋሃዱም። «ዶት 5.1» የሚባለው ደግሞ ስሙ ከ5 ጋር ቢቀራረብም ዘመድነቱ ከ4 ጋር ነው። የመኪናችሁ ፍሬን ዘይት መደርደሪያው ላይ ስላለ ብቻ አትገልብጡበት፤ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የሚፈልገው ተጽፏል። ዶት 4 ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ይልጣል፣ ስለዚህ የነዳጅ ታንከሩን በእርጥብ ፎጣ ሸፍኑት።

የፍሬን ሸራ ከቀየራችሁ የፍሬኑ ፒስተኖች ወደ ኋላ ተገፍተዋል። የመጀመሪያው ጭመቃ ባዶ ነው፣ ምንም አይዝም። ከጋራዥ ሳትወጡ፣ ገና ቆማችሁ፣ የእጁንም የእግሩንም እስኪጠነክር ድረስ ደጋግማችሁ ጭመቁ።