ሃይማኖትንና ነገረ መለኮትን በኮሌጅ ለሚያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሃይማኖትን ወይም ነገረ መለኮትን ዋና የትምህርት ዘርፉ አድርጎ ኮሌጅ የሚገባ ተማሪ ከሌሎች የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ትምህርቱን ከወዲሁ የሚያውቀው እየመሰለው ይጀምራል። ኬሚስትሪ የሚመርጥ ሰው ላቦራቶሪ ውስጥ አላደገም። የሃይማኖት ተማሪ ግን ጸሎቱን፣ ስብከቱንና ክርክሩን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ ሃይማኖት የለኝም የሚለውም ቢሆን ስለ ሃይማኖት የጸና አስተያየት ሳይዝ አይመጣም። ከዚህ በታች የሚነሡት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ ነው።

ሁለቱን ትምህርቶች እንደ አንድ ቆጥሮ መመዝገብ

ነገረ መለኮትና የሃይማኖት ጥናት ጎረቤታሞች እንጂ አንድ አይደሉም። ነገረ መለኮት በአብዛኛው የሚጠናው በአንድ እምነት ውስጥ ተሁኖ ነው፤ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው የካንተርበሪው አንሰልም «ማስተዋልን የሚሻ እምነት» ያለው ሥራ ማለት ነው። ጥያቄው የምናምነውን እንዴት በቅጡ እንረዳው፣ እርስ በርሱ ሳይጋጭስ እንዴት እንናገረው የሚል ነው። የሃይማኖት ጥናት በአንጻሩ ሰዎች የሚያምኑትንና የሚፈጽሙትን በታሪክ፣ በሶሲዮሎጂ፣ በአንትሮፖሎጂና በፍልስፍና መሣሪያዎች ይመረምራል እንጂ የትኛው እምነት እውነት እንደሆነ ለመፍረድ አይቀመጥም። በብሪታንያ የሃይማኖት ጥናት ምሁሩ ኒኒያን ስማርት እ.ኤ.አ. በ1967 በላንካስተር ዩኒቨርሲቲ የመሠረተው ትምህርት ክፍል ይህ አካሄድ ራሱን ችሎ እንዲቆም ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ልዩነቱን ሳይረዳ የተመዘገበ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት በቅሬታ ያሳልፋል፤ አንዱ «እግዚአብሔር ስለሚባለው ማንም አያወራም» ይላል፣ ሌላው «ሁሉም ነገር ወደ አንድ ቤተ እምነት ትምህርት ይመለሳል» ብሎ ይማረራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በትምህርት ክፍሉ ስም ላይ ብቻ ሳይመኩ የግዴታ ኮርሶቹን ዝርዝር ማንበብ። የስብከት ዘዴና የምእመናን አገልግሎት ግዴታ ከሆኑ አንዱን ዓይነት፣ የሃይማኖት ሶሲዮሎጂና የጥናት ዘዴ ግዴታ ከሆኑ ሌላውን መርጠዋል ማለት ነው። ሁለቱን አጣምረው የሚሰጡ ተቋማትም አሉ።

ዲግሪውን እንደ ክህነት ወይም እንደ ሥራ ዋስትና ማየት

ክህነትን የሚሰጠው ቤተ እምነቱ እንጂ ኮሌጁ አይደለም፤ መስፈርቱንም የሚያወጣው እሱው ነው። በሆስፒታል፣ በማረሚያ ቤት ወይም በጦር ሠራዊት መንፈሳዊ አማካሪ፣ ማለትም ቻፕሊን፣ ለመሆን የሚያስብም ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ዲግሪና በክትትል የሚሰጥ የተግባር ሥልጠና ስለሚጠየቅ፣ የመጀመሪያ ዲግሪው መንገዱን ይከፍትለታል እንጂ አያደርሰውም። ይህን በአራተኛው ዓመት ከመስማት በመጀመሪያው ዓመት መጠየቅ ይሻላል።

ክፍሉን የምስክርነት ወይም የማፍረሻ መድረክ ማድረግ

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ተማሪዎች አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይገባሉ። የመጀመሪያው ማንኛውንም ጥያቄ እንደ ፈተና ቆጥሮ እምነቱን ለመከላከል ይቆማል፤ ሁለተኛው ደግሞ እያንዳንዱን ጥቅስ እንደ ማጋለጫ ያነባል። ሁለቱም ጽሑፉን አያነቡም።

ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 እና 2ን እንውሰድ። በምዕራፍ 1 እንስሳት ከሰው በፊት ይፈጠራሉ፤ በምዕራፍ 2 ሰው ከምድር አፈር ከተበጀ በኋላ ነው አራዊትና ወፎች ተሠርተው ስም እንዲያወጣላቸው ወደ እርሱ የሚመጡት። የመጀመሪያው ምዕራፍ ፈጣሪን «እግዚአብሔር» ሲለው፣ ሁለተኛው ከቁጥር 4 ጀምሮ «እግዚአብሔር አምላክ» ይለዋል፤ የዕብራይስጡን የስም ለውጥ በአማርኛው ትርጉምም ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው ተማሪ ይህን ሲሰማ «ምንም ልዩነት የለም» ብሎ ያልፈዋል፤ ሁለተኛው «እንግዲህ ውሸት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። መምህሩ የሚጠብቀው ግን በሁለቱ መካከል ያለውን አድካሚ ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ ትረካ ምን ላይ እንደሚያተኩር፣ ጥንታውያን የአይሁድና የክርስቲያን ተርጓሚዎች ልዩነቱን አይተው ምን እንዳሉ፣ የዘመናችን ተመራማሪዎችስ ስለ ምንጮቹ ምን እንደሚከራከሩ መጻፍ። «እኔ አምናለሁ» ወይም «እኔ አላምንም» የሚል ዓረፍተ ነገር በዚህ ሥራ ውስጥ ማስረጃ አይሆንም። እምነትን ደጅ ላይ ጥሎ መግባት ያስፈልጋል ማለቴ አይደለም፤ እምነት ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል፣ ማስረጃን ግን ሊተካ አይችልም።

ቋንቋን ለኋላ ማቆየት

በእኔ ግምት ከሁሉም የሚያስቆጨው ስህተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም በሦስተኛው ዓመት ሊታረም ሲሞከር ጊዜ የለም። ትንቢተ ኢሳይያስ 7፥14 በአማርኛው «ድንግል ትፀንሳለች» ይላል። የዕብራይስጡ ቃል «ዓልማ» ነው፤ ለጋብቻ የደረሰች ወጣት ሴትን ያመለክታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት የተዘጋጀው የግሪክ ትርጉም «ፓርቴኖስ»፣ ማለትም ድንግል፣ ብሎ ተረጎመው፤ የማቴዎስ ወንጌልም በ1፥23 የጠቀሰው ይህንኑ ቃል ነው። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቂላ የተባለው ተርጓሚ ደግሞ ወደ ግሪክኛ እንደገና ሲመልሰው «ወጣት ሴት» የሚል ቃል መረጠ፤ በዚያው ዘመን ሰማዕቱ ዮስጢኖስ (ጀስቲን) ከአይሁዳዊው ትሪፎን ጋር ባደረገው የጽሑፍ ክርክር ውስጥም ይህ ጥቅስ ተነሥቷል። በትርጉም ብቻ የሚሠራ ተማሪ ይህን ሁሉ ከሌሎች አፍ ይሰማል፤ ማን ምን እንደመረጠ ሊፈትሽ ግን አይችልም።

ዕብራይስጥን፣ ግሪክኛን፣ ዐረብኛን፣ ሳንስክሪትን ወይም ፓሊን ሁሉንም መማር አያስፈልግም፤ የሚያጠኑትን አንዱን በመጀመሪያው ዓመት መጀመር ነው። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ሳያውቀው የተሰጠው ብልጫ አለው። ሰላምና ሻሎም፣ ቤትና ባይት፣ ሞትና ማዌት ዘመዳሞች ናቸው፤ ቃል በሦስት ተነባቢዎች ሥር ላይ እንደሚቆም ለማስረዳት ሌላው ተማሪ ወር ሲፈጅበት እሱ በጆሮው ያውቀዋል። ግዕዝ የሚያነብ ሰውማ መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የቆየው በግዕዝ ብቻ እንደሆነ፣ የአራማይክ ቁርጥራጮቹም በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት የኩምራን ዋሻዎች እንደተገኙ ሲማር፣ በዚያ መስክ ተፈላጊ ተማሪ መሆኑ ይገባዋል።

ሃይማኖት ሁሉ በእምነት ቃልና በመጽሐፍ የሚለካ መስሎ መታየት

ይህ ስህተት በራሱ በቃላችን ውስጥ ተደብቋል። «ሃይማኖት» ከአራማይክ ወደ ግዕዝ የገባ፣ ከ«አመነ» ጋር ዘመድ የሆነ ቃል ነው፤ ስለዚህ ሃይማኖት ስንል ሳናስበው መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን ያምናሉ?» ብለን ነው። ጥያቄው ለአንዳንዶቹ ይስማማል፤ ለሌሎቹ ግን ዒላማውን ይስታል። በራቢዎች፣ ማለትም በአይሁድ የሕግ መምህራን፣ ይሁዲነት ውስጥ ሕጉን እንዴት እንደሚፈጽሙ መወያየት ከእምነት አንቀጾች ይልቅ ሰፊ ቦታ ይይዛል። ሂንዱ የሚባለው ሰፊ ትውፊት አንድ መሥራች፣ ሁሉንም የሚያስር አንድ የእምነት መግለጫም የለውም። ለዚህ ነው «የሂንዱዎች መጽሐፍ ቅዱስ ቬዳ ነው» የሚል የተማሪ ዓረፍተ ነገር፣ ቬዳ የተባለው ጥንታዊ የሳንስክሪት ቅዱስ ቃል በትውፊቱ ያለውን ክብር በትክክል ቢያውቅም፣ ብዙ ነገር የሚያጣምመው። የቬዳ ቃል ለሺህ ዓመታት የተላለፈው በዋናነት በቃል ጥናት እንጂ ተጽፎ በማንበብ አይደለም።

ማክስ ሙለር ያዘጋጀው የምሥራቅ ቅዱሳት መጻሕፍት ትርጉም እ.ኤ.አ. ከ1879 ጀምሮ ወጥቶ 50 ቅጽ ደርሷል፤ ለዘርፉ የዋለው ውለታ ትልቅ ነው። ነገር ግን ሃይማኖቶች በመደርደሪያ ላይ በተሰለፉ መጻሕፍት ይታወቃሉ የሚለውን ልማድም አጽንቷል። ሥርዓቱን፣ ቦታውን፣ ዜማውንና የሰዎቹን የዕለት ተግባር የማይጠይቅ ተማሪ ከእምነቱ ግማሹን ብቻ ያያል።

ሌሎችን በተቃዋሚዎቻቸው አፍ መግለጽ

በ451 ከተካሄደው የኬልቄዶን ጉባኤ የተለዩትን አብያተ ክርስቲያናት «ሞኖፊዚት»፣ ማለትም በክርስቶስ አንድ ባሕርይ ብቻ አለ ባዮች፣ ብሎ መጥራት በብዙ አሮጌ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አለ። አብያተ ክርስቲያናቱ ስያሜውን አይቀበሉም፤ የመለኮትና የትስብእት ተዋሕዶን የሚያምኑ መሆናቸውን ይናገራሉ፣ «ሚያፊዚት» (አንድ የተዋሐደ ባሕርይ) የሚለውም ቃል ለዚህ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። መዳን በምስጢራዊ ዕውቀት ነው ይሉ የነበሩት፣ ግኖስቲኮች የሚባሉት የጥንት ቡድኖች ዕጣ ደግሞ የከፋ ነበር። ለብዙ መቶ ዓመታት በዋናነት የሚታወቁት በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጳጳስ እንደነበረው ኢሬኔዎስ ካሉ ተቃዋሚዎቻቸው ጽሑፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1945 በላይኛው ግብፅ ናግ ሐማዲ አቅራቢያ የቅብጥ ጥራዞች ሲገኙ ሊቃውንቱ ብዙ ነገር እንደገና ለማሰብ ተገደዱ። የኢሬኔዎስ ጽሑፍ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ስለ ኢሬኔዎስ ብዙ ይነግረናል። አንድ ጠቃሚ መፈተኛ አለ፤ ስለ አንድ እምነት የጻፉትን አንቀጽ የእምነቱ ተከታይ ቢያነበው «አዎ፣ ይህ እኛ ነን» ይል እንደሆነ ራስን መጠየቅ። ከዚያ በኋላ መተቸት ይቻላል።

ወሬን እንደ ታሪክ መጥቀስ

«የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት በኒቅያ ጉባኤ ተመረጡ» የሚለው በተማሪዎች ጽሑፍ ውስጥ የማይጠፋ ነው። በ325 የተሰበሰበው ጉባኤ ያወጣቸው 20 ቀኖናዎች ስለ መጻሕፍት ዝርዝር አንዳች አይናገሩም፤ ዋናው ጉዳዩ የአርዮስ ትምህርት ነበር። ዛሬ የሚታወቁትን 27 የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ብቻ ዘርዝሮ የምናገኘው ቀዳሚ ሰነድ የእስክንድርያው አትናቴዎስ በ367 የጻፈው የበዓል መልእክት ነው። እንዲህ ያለውን ስህተት ለመያዝ ቀኖናዎቹን ራሳቸውን መክፈት ይበቃል፤ በአንድ ቁጭታ የሚነበቡ ናቸው።

ርእስን እንደ ሰማይ ማስፋት

«ክፋት በዓለም ሃይማኖቶች» የሚል ርእስ ለ12 ገጽ ጽሑፍ የሚመርጥ ተማሪ በየገጹ አንድ ሃይማኖት ይበድላል። በምትኩ 2ኛ ሳሙኤል 24፥1ን እና 1ኛ ዜና መዋዕል 21፥1ን ጎን ለጎን ያስቀምጥ። ሁለቱም ዳዊት ሕዝቡን ስለመቁጠሩ ይተርካሉ፤ በመጀመሪያው ዳዊትን ያነሣሣው የእግዚአብሔር ቁጣ ሲሆን በሁለተኛው ሰይጣን ነው። በመጽሐፈ ኢዮብ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ያው ቃል በዕብራይስጡ ከመስተአምር (የታወቀ ነገርን ከሚያመለክት ምዕላድ) ጋር «ከሳሹ» እንደሚል የማዕርግ ስም ሆኖ ይመጣል። ከአንዱ ወደ ሌላው ምን እንደተለወጠና ለምን እንደተለወጠ ለመጻፍ 12 ገጽ ይጠባል።