ወገብዎ ለወራት ሲያምዎት፦ ዳሌዎን እንዴት ይፈትሻሉ፣ እንዴት ያጠነክራሉ?

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ጠዋት ስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ እንዳለች ለምሳ ብቻ ትነሳለች፤ ከዚያ እስከ ማታ እዚያው ናት። ስትነሳ አንድ እጇ ወገቧ ላይ ነው። ቀጥ እስክትል አራት አምስት እርምጃ ይፈጅባታል። ዓመት ሙሉ ወገቧን ታሸች፣ ቅባት ተቀባች። በታሸች ቀን ቀለል ይላታል፣ በሦስተኛው ቀን ይመለስባታል።

የሚያማት ወገቧ ነው። ችግሩ ግን ከዳሌዋም ነበር። ከወገብ አጥንቶች ተነስቶ በዳሌ ፊት ለፊት አልፎ ጭን አጥንት ላይ የሚያርፍ ጡንቻ አለ፤ ሶአስ ይባላል። ስንቀመጥ አጥሮ ይቆያል። ለሰዓታት ስንቀመጥ ይገትራል፤ ስንቆም ደግሞ ወገባችንን ወደ ፊት ይስበዋል። በዚህ መሀል የመቀመጫና የሆድ ጡንቻ ሥራ ፈትተው ይደክማሉ። የእነሱን ሸክም የወገብ ጡንቻ ብቻውን ይሸከማል። የቼኩ ሐኪም ቭላዲሚር ያንዳ ሁለት የገተሩ (የዳሌ ፊትና የወገብ) እና ሁለት የደከሙ (የሆድና የመቀመጫ) የጡንቻ ወገኖች በመስቀል ቅርጽ ሲተያዩ አይቶ ነው ይህን አለመመጣጠን የገለጸው።

እርግጥ አቀማመጥ ብቻውን ሁሉንም አያብራራም። ጎብጦ እየኖረ ምንም የማያመው ሰው ሞልቷል። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀትና የሥራ ጫናም ሕመሙን ያባብሱታል።

መጀመሪያ አደገኛውን ይለዩ። እግርዎ እየዛለ ከመጣ፣ በጭኖችዎ መሀል ከደነዘዘዎት፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ማታ ማታ ትኩሳትና ላብ ካለ፣ ክብደትዎም ከቀነሰ መመርመር አለብዎት። የሳንባ ነቀርሳ ተህዋስ አከርካሪን ያጠቃል፤ በአገራችን ይህን መዘንጋት አይገባም። ከወደቁ ወይም አደጋ ከደረሰብዎ በኋላ የጀመረ ሕመምም ይታይ። እነዚህ ባሉበት ወገብዎን ለወጌሻ አይስጡ።

ከዚያ ራስዎን ይፈትሹ። ጠንካራ አልጋ ወይም ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ይቀመጡና በጀርባዎ ይተኙ። መቀመጫዎ ጫፉ ላይ ይሁን። አንዱን ጉልበት በሁለት እጅ ወደ ደረትዎ ይሳቡ፣ ሌላው እግር ይንጠልጠል። የተንጠለጠለው ጭን አልጋውን ነክቶ ካረፈ ደህና ነው። ወደ ላይ ተንሳፍፎ ከቀረ የዳሌዎ ፊት ገትሯል። ሁለቱንም እግር ይሞክሩ፤ አንዱ ከሌላው መለየቱ የተለመደ ነው።

የገተረውን ያፍታቱ። አንዱን ጉልበት የታጠፈ ጋቢ ላይ ያንበርክኩ፣ ሌላውን እግር ወደ ፊት አድርገው ይርገጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ወገቡን ለጥጦ ወደ ፊት ይገፋል፣ ያኔ የሚጎዳው ያው ወገቡ ነው። መጀመሪያ በተንበረከከው በኩል ያለውን መቀመጫዎን ጭምቅ ያድርጉ። ከዚያ ሳይለጠጡ ትንሽ ብቻ ወደ ፊት ይሂዱ። ጭንዎ ከላይ ሳብ ሲል ይሰማዎታል። 30 ሰከንድ ይቆዩ፣ በየጎኑ 2 ወይም 3 ጊዜ ይድገሙት።

የደከመውን ያጠንክሩ። በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን አጥፈው ዳሌዎን ያንሱ። 5 ሰከንድ ይያዙ፣ 10 ጊዜ ይሥሩ። የጭንዎ ጀርባ ከጨመደደዎት ተረከዝዎን ወደ መቀመጫዎ ያስጠጉ። ቀጥሎ በእጅና በጉልበትዎ ይቁሙ። ቀኝ እጅና ግራ እግርዎን ዘርግተው እስከ 10 ሰከንድ ይቆዩ፣ ከዚያ ይለውጡ። ወገብዎ ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ እንዳለ ያስቡ፤ እንዳይደፋ። ካናዳዊው የአከርካሪ ተመራማሪ ስቱዋርት ማክጊል ከሚመክሯቸው ሦስት እንቅስቃሴዎች አንዱ ይህ ነው።

ከአልጋ እንደተነሱ ወዲያው ወደ ፊት አይጎንበሱ። በአከርካሪ አጥንቶች መሀል ያሉት ለስላሳ ዲስኮች ሌሊቱን ውሃ ስበው ስለሚያብጡ ጠዋት ጎንበስ ማለት ይከብዳቸዋል። የመጀመሪያው ሰዓት ይለፍ። ሕመሙ ወደ እግርዎ መውረድ ከጀመረ እንቅስቃሴውን ያቁሙና ፊዚዮቴራፒስት ያማክሩ። ጡንቻ በአንድ ሳምንት አይጠነክርም፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይስጡት።

ቀንዎንም ያስተካክሉ። ሲቀመጡ ዳሌዎ ከጉልበትዎ ትንሽ ከፍ ይበል፤ ለዚህ የታጠፈ ብርድ ልብስ ይበቃል። ለቡና ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ሲቀመጡ ጉልበት ወደ ላይ ይወጣል፣ ወገብ ይጎብጣል፤ ረዥም ቡና ከሆነ ከፍ ያለ ወንበር ይጠይቁ። ልብስ ሲያጥቡ ሳፋውን ከመሬት አንስተው ከፍ ያለ ነገር ላይ ያኑሩት። ከሁሉ በላይ ግን በየግማሽ ሰዓቱ ይነሱ።

ጎረቤቴ ሥራ ስትይዝ መነሳቱን ትረሳው ነበር። አሁን መቀሷን ከስፌት መኪናዋ አንስታ በሩ አጠገብ ሰቅላዋለች። ክር መቁረጥ ባማራት ቁጥር ተነስታ ትሄዳለች።