ጥቂት የተነዳች አሮጌ የቅንጦት መኪና፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ሻጩ በሩን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ኪሎሜትሩን ነው። መርሴዲስ፣ ዕድሜዋ 14 ዓመት፣ የተነዳችው 42,000 ኪሎሜትር ብቻ። የቆዳ ወንበሯ አልተሸበሸበም። ቀለሟ ያበራል። ዋጋዋ ደግሞ ከአንዲት ተራ አዲስ መኪና ያንሳል። ልብ ይሸፍታል።

እስቲ ሒሳቡን እንስራው። 42,000 ለ14 ሲካፈል በዓመት 3,000 ኪሎሜትር ነው። በቀን ስምንት ኪሎሜትር ገደማ። ይህች መኪና ወይ አብዛኛውን ዕድሜዋን ቆማ አሳልፋለች፣ ወይ ሞተሯ በወጉ ሳይሞቅ እየጠፋ አጭር አጭር መንገድ ስትመላለስ ኖራለች። ሁለቱም ለመኪና ጥሩ አይደሉም። ጎማ፣ ጎሚኒ፣ ዘይትና ሽቦ ቆመውም ያረጃሉ።

ከታች ያሉትን ምልክቶች ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ፈልጓቸው። አንዱን ስላገኛችሁ ብቻ አትሽሹ። የጥገናውን ዋጋ ጠይቁና መግዣው ላይ ደምሩት። የመኪናዋ ዋጋ በዓመታት ውስጥ ይወርዳል፤ የመለዋወጫዋ ዋጋ ግን አዲስ ሆና ውድ በነበረችበት ጊዜ እንደነበረው ነው የሚቆየው።

ኪሎሜትሩ ትንሽ ነው፣ የፍሬን ፔዳሉ ግን ተልጧል

የፔዳሉ ጎማ ካለቀ፣ መሪው እጅ በሚይዝበት በኩል ካብረቀረቀ፣ የሾፌሩ ወንበር በመውጫው ጎን ከተሰነጠቀ፣ 42,000 የሚለው ቁጥር ውሸት ሊሆን ይችላል። ኪሎሜትር መቀነስ ከባድ ሥራ አይደለም። ሁሉንም ቦታ ማስተካከል ግን ይከብዳል። በብዙ የቅንጦት መኪኖች ኪሎሜትሩ ከዳሽቦርዱ ውጭ በሌሎች ኮምፒውተሮችም ይመዘገባል። ቢኤምደብሊው ቁልፉ ላይ ሳይቀር ይጽፋል። ጥሩ ስካነር (የመኪናን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ያለው መካኒክ ቁጥሮቹን ያነጻጽርላችሁ፤ የሰርቪስ መዝገቡንም ቀን በቀን ተከታተሉ። ካልተጣጣመ ለዚህኛው መፍትሄ የለውም። ጥላችሁ ሂዱ።

ጎማው ጥርሱ ሙሉ ነው፣ መኪናዋ ግን ትንቀጠቀጣለች

የጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 3510 ካለ በፈረንጆች 2010 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ቢሞላም ጎማው ደርቋል፤ ለረጅም ጊዜ በቆመበት በኩልም ጠፍጥፏል። አምራቾች ከ6 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ እንዲቀየር ይመክራሉ። መፍትሄው አራቱንም መቀየር ነው። የቅንጦት መኪና ጎማ ሰፊ ስለሆነ ዋጋውን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ማታ ቀጥ ብላ የቆመች መኪና ጠዋት አንድ ጥጓ ወርዶ ትገኛለች

ይቺን በራሴ ዓይን አይቻታለሁ። ልገዛት ያሰብኳት መኪና ማታ ስትታይ ምንም አይወጣላትም። በማግስቱ ሳልደውል በጠዋት ሄድኩ። የፊት ቀኝ ጎማዋ ፓራፋንጎው ውስጥ ገብቷል። ማታ አራት ጣት ያስገባ የነበረው ክፍተት አንድ ጣት አላስገባ አለኝ። ሻጩ እየሮጠ መጥቶ ሞተሩን አስነሳ። ከስር አንድ ነገር እዝዝዝ አለ። መኪናዋም ከተንበረከከችበት እንደምትነሳ ግመል ቀስ ብላ ተነሳች። «ሰላም እያለችህ ነው» አለና ሳቀ።

ሰላምታ አልነበረም። እንደ መርሴዲስ ኤስ ክላስ ያሉ መኪኖች በብረት ሞላ ፋንታ አየር በተሞላ የጎማ ከረጢት ላይ ይቆማሉ። ከረጢቱ በዕድሜ ይሰነጠቅና አየር ያስተነፍሳል። ችግሩ በዚህ አያበቃም። የሚያፈሰውን ለመተካት አየር የሚሞላው ኮምፕረሰር ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ይሞቃል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። አንድ ከረጢት ያስወጣ የነበረ ችግር ከረጢትና ኮምፕረሰር ያስወጣል።

ስለዚህ ሻጩን «እስክመጣ ሞተሩን እንዳታስነሳ» በሉት። ስትደርሱ በአራቱም ጎማ ላይ ያለውን ክፍተት በጣታችሁ ለኩ። ከዚያ አስነሱና ኮምፕረሰሩን አዳምጡ። ከፍ አድርጎ ዝም ማለት አለበት። ደጋግሞ የሚነሳ ከሆነ የሚያፈስ ቦታ አለ። መካኒኩ የሳሙና ውሃ ሲረጭ አረፋው ቦታውን ያሳያል። መፍትሄው የሚያፈሰውን ከረጢት መቀየርና ኮምፕረሰሩን ማስፈተሽ ነው። አንዱ ከሄደ ሌላኛውም እኩያው ስለሆነ እኔ ብሆን የፊቶቹን ሁለቱንም አብሬ እቀይራለሁ። «አውጥተን ተራ ሞላ እንግጠምላት» የሚል አይጠፋም። ይቻላል፤ ግን መኪናዋን የፈለጋችሁበት ምቾት አብሮ ይሄዳል።

ዳሽቦርዱ ላይ አምስት ስድስት መብራት በአንዴ በራ

ኤቢኤስ፣ መሪ፣ ኤርባግ፣ ሁሉም በአንዴ ተበላሽተው አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ባትሪው ነው። ቆማ የምትውል መኪና ባትሪዋ ይሞታል፣ ኮምፒውተሮቹም ጉልበት ሲያንሳቸው የሌለ ብልሽት ይናገራሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ባደረ ባትሪ ላይ ንባቡ 12.6 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት፤ ከ12.2 ከወረደ ደክሟል። ሞተሩ ሲነሳ ወደ 14 ካልተጠጋ ደግሞ ዲናሞው ይታይ። በአንዳንድ ሞዴሎች አዲሱ ባትሪ በስካነር ካልተመዘገበ ቶሎ ያልቃል።

ጭራሹን መብራት የሌለባትም ታጠራጥራለች። ቁልፉን ስታዞሩ የሞተሩ መብራት በርቶ፣ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አንድ ሰው ደብቆት ሊሆን ይችላል።

ምንጣፉ ሲነካ ይረጥባል

ጣሪያዋ የሚከፈት ከሆነ ውሃ የሚወርድባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሏት። በቆመችበት ቅጠልና አቧራ ይደፍናቸዋል። ውሃውም ወደ ውስጥ ይገባል። በብዙ የጀርመን መኪኖች ከምንጣፉ ስር ኮምፒውተርና የሽቦ መገናኛ ስላለ ቀልድ አይደለም። ምንጣፉን አንሱ፣ ስፖንጁን ጨመቅ አድርጉ፣ አሽትቱ። ቱቦውን መክፈት ቀላል ነው። የዛገ የሽቦ መገናኛ ግን ወራት ቆይቶ ነው የሚያስለቅሳችሁ።

ሰማያዊ ጭስ

ሞተሩን አስሞቁት፣ አሥር ደቂቃ ቆሞ ይሥራ፣ ከዚያ ነዳጅ ስጡት። ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ ካለ የቫልቭ ጎሚኒው ደርቆ ዘይት እያሳለፈ ነው። ኤን 62 የሚባለው የቢኤምደብሊው ቪ 8 ሞተር በዚህ ይታወቃል። ጎሚኒው ርካሽ ነው፣ እዚያ ለመድረስ የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ግን ውድ ነው።

የዘይት ክዳኑ ስር ነጣ ያለ ቅባት ካያችሁ አትደንግጡ። በአጭር መንገድ የተጠራቀመ እርጥበት ሊሆን ይችላል፤ ዘይት ቀይሮ ረጅም መንገድ መንዳት ያጠፋዋል። የራዲያተሩ ውሃም እየቀነሰ ከሆነ ግን የቴስታታ ጋርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ይጠርጠር።

ካምቢዮው ሲቀይር ይገፈትራል

«የካምቢዮው ዘይት ዕድሜ ልክ ነው» ይባላል። ለቢኤምደብሊውና ለሌሎች ብዙ መኪኖች ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ዜድኤፍ ራሱ ግን ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎሜትር፣ ወይም በ8 ዓመት እንዲቀየር ይመክራል። የኛዋ 14 ዓመቷ ነው። ትክክለኛውን ዓይነት ዘይት ከነፊልትሮው ቀይሩ። ከዚያም ካልተሻለው ችግሩ ውስጥ ነው።

ስለ ፍሬን ዘይት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ውሃ ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቭና የፒስተንን እንቅስቃሴ የሚያገጣጥም ቀበቶ) ያላት ከሆነችም ቺንጋው የዓመት ገደብ አለው። በብዙ ሞተሮች ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

የሞዴሏን የታወቀ በሽታም ጠይቁ። በፈረንጆች 1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ መርሴዲሶች የሞተር ሽቦ ልባሱ በራሱ ጊዜ ይፈረፈራል፤ ኪሎሜትሩ ዜሮ ቢሆንም አያድንም። በሌላ በኩል በፈረንጆች 1989 የወጣው ሌክሰስ ኤልኤስ 400 ዓይነት መኪና ይህን ሁሉ በትዕግስት ይችላል። እኔ በእኩል ዋጋ ከተሰጠኝ 42,000 ከነዳችው መዝገብ ከሌላት ይልቅ 150,000 ነድታ በየዓመቱ ዘይቷ የተቀየረላትን እመርጣለሁ።

ሁሉን አይታችሁ ከገዛችኋት በመጀመሪያው ሳምንት የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ዘይትና የራዲያተር ውሃ ቀይሩ። ከዚያ በየሳምንቱ ቢያንስ አንዴ ግማሽ ሰዓት በደንብ ንዷት። ለእንግዳ ብቻ እያወጣችሁ ካቆማችኋት ቀጥሎ የሚገዛት ሰው ይህንኑ ሁሉ ፍተሻ እናንተ ላይ ይደግመዋል።